እስከ እኔ ድረስ ይሻሻል

የውጭ እርዳታ መሻሻል አለበት በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚያጨበጭብ ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚጨበጨብለትን ንግግር የምጽፈው ራሴ ነኝ። እንጀራዬ ነው። መጠሪያዬ ይለዋወጣል፤ አንድ ሰሞን «የፕሮግራም ኦፊሰር»፣ ሌላ ጊዜ «አማካሪ»፣ ዕድሌ ሲቃና ደግሞ «የባለድርሻ አካላት አስተባባሪ» እባላለሁ። የምሠራው ግን ያው ነው። ፕሮፖዛል እጽፋለሁ። ገንዘቡ ሲመጣ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሪፖርቱ ሲያልቅ ደግሞ እርዳታው ለምን የታሰበውን ያህል ጠብ እንዳላለ የሚያስረዳ ጥናት እጽፋለሁ። ለሦስቱም የሚከፈለኝ ከአንድ ኪስ ነው።

ይህን ጽሑፍ ግን በነጻ እየጻፍኩ መሆኑ ይመዝገብልኝ። ውሎ አበል አልጠየቅሁም። ካለ ግን አልጣላም።

ስለ እርዳታ ማሻሻል ያለኝ እውቀት የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮም፣ በ2005 ፓሪስ፣ በ2008 አክራ፣ በ2011 ቡሳን ላይ ሰጪና ተቀባይ ተሰብስበው የተስማሙበትን ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። የፓሪሱ ስምምነት አምስት መርሆች አሉት፤ ባለቤቱ አገሬው ይሁን፣ ለጋሹ በአገሬው እቅድና አሠራር ይመራ፣ ለጋሾች እርስ በርሳቸው ይናበቡ፣ ሥራው በውጤት ይለካ፣ ተጠያቂነቱ የጋራ ይሁን። እነዚህን አምስቱን ያልደረደርኩበት ፕሮፖዛል የለኝም። ስምምነቱ እስከ 2010 ይሳካሉ ብሎ ያስቀመጣቸው ግቦች 13 ነበሩ። ጊዜው ደርሶ ሲለካ የተሳካው አንድ ብቻ ሆነ። የትኛው እንደሆነ ሳነብ ኩራትም ኀፍረትም ባንድ ላይ ያዙኝ። የተሳካው የቴክኒክ ድጋፉ ይቀናጅ የሚለው ነው፤ ማለትም የአሠልጣኙ፣ የአማካሪው፣ የአቅም ገንቢው ጉዳይ። የዓለም መንግሥታት ገንዘቡን በተቀባዩ አገር የሒሳብና የግዥ ሥርዓት ማሳለፍ የታሰበውን ያህል አልሆነላቸውም። እኔንና መሰሎቼን ማቀናጀት ግን ሆኖላቸዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣልኝ ትልቅ ቁጣ ገንዘቡ ለአገር በቀል ድርጅቶች አይደርስም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢስታንቡል ላይ ታላላቅ ለጋሾችና የተራድኦ ድርጅቶች እስከ 2020 ድረስ ከሰብአዊ እርዳታው ቢያንስ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገሬው ድርጅቶች እንዲሄድ ቃል ገቡ። ዓመቱ አለፈ፣ ቁጥሩ ግን አልሞላም። በ2021 ደግሞ የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤድ፣ በሳማንታ ፓወር አንደበት፣ ያንኑ 25 በመቶ በአራት ዓመት ውስጥ አደርሳለሁ አለ። 10 በመቶ አካባቢ ሲንፏቀቅ ቆየ። በየስብሰባው ተነሥቼ ተንገበገብኩ። ገንዘቡ ዋሽንግተንና ጄኔቫ ላይ እየተንጠባጠበ ያልቃል፣ እኛን ማመን ለምን አቃታችሁ፣ አቅም የለንም ብላችሁ እስከ መቼ በሞግዚት ታኖሩናላችሁ አልኩ። ያኔ የተናገርኩትን ዛሬ ብታሰሙኝ አንድም የምሰርዘው ቃል የለም። ችግሩ ያለው ገንዘቡ አዲስ አበባ ሲደርስ ነው። ቦሌ ባረፈ ማግሥት ቁጣዬ ወዲያው ይበርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ፣ ማለትም ከእኔ ቢሮ እስከ ቀበሌው ያለው፣ ፓሪስ ላይ የተፈረመ ነገር አይመለከተውም።

እስቲ የምለውን በአንድ የውሃ ኮሚቴ ላስረዳ።

የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ነበረን። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ። ኮሚቴም ተመረጠ፤ ግማሾቹ አባላት ሴቶች እንዲሆኑ አዘዝን። አዎ፣ ባለቤትነቱ የማኅበረሰቡ ነው እያልን ነው ያዘዝነው። ፓምፑ የማይበገር ቢመስልም ውስጡ በየጊዜው የሚያልቅ ትንሽ የጎማ ማሸጊያ አለው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሲያልቅ ግን ሴቶቹ የቱን ያህል ቢወዘውዙት አየር እንጂ ውሃ አይወጣም። እንደ ጠባዩ አለቀ። እኔም በላንድክሩዘር ደረስኩ። ከላንድክሩዘር የወረደ ሁሉ ኢንጂነር ነውና ሰብሳቢዋ እማማ «ኢንጂነር፣ እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ። ያነበብኩት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። አላረምኳቸውም።

«ለጥገና የተያዘ በጀት የለም እኮ፣ እማማ» አልኳቸው በትሕትና። «የተያዘው ለአቅም ግንባታ ነው።»

«እንግዲያ ልጄ፣ እሱኑ አቅም አምጡትና እዚህ ላይ እንግጠመው» አሉኝ፣ ፓምፑን እያሳዩ።

ከበውን የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ «በደብዳቤ ጠይቁ» አልኩ። ይህችን ነገር በደንብ እዩልኝ። ለጋሾቻችን ከአንዱ የበጀት መስመር ወደ ሌላው ትንሽ ገንዘብ ለማዛወር እንኳ ፈቃድ አምጡ ስለሚሉን፣ «ግትሮች ናቸው፣ መሬት ላይ ያለውን አያውቁም» እያልኩ ስንት መድረክ ላይ ጮኼባቸዋለሁ። እማማ ግን ለአንዲት ጎማ ማመልከቻ እንዲያጽፉ፣ የቀበሌ ማህተም እንዲያስመቱ፣ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በኩል ሸኚ ደብዳቤ እንዲያያይዙ፣ ከዚያም እንዲጠብቁ አደረግኋቸው። ደብዳቤው ሲደርሰኝ «የሩብ ዓመቱ ሪፖርት አልተያያዘም» ብዬ መለስኩት። የሪፖርቱ ቅጽ ከለጋሹ የመጣውን ራሴ በአማርኛ የገለበጥኩት ነው። የውሃ ዋጋ ከሚሰበስቡበት ደብተር ይወፍራል። ስለ ሥርዓተ ጾታ አካታችነት የሚጠይቀውን ዓምድ ምን ብለው እንደሚሞሉት እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ እኔም ራሴ የምሞላው ካለፈው ዓመት እየቀዳሁ ነው።

የጎማው ነገር በዚህ አላበቃም። ወረዳው ከተማ ላይ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ከእማማ ሰፈር በእግር ይደረሳል። ነገር ግን የግዥ መመሪያችን ሦስት ፕሮፎርማ ይላል። የቫት ደረሰኝም ይላል። ባለሱቁ የቫት ተመዝጋቢ አይደለም፤ ፕሮፎርማ የሚሰጡ ሦስት ሱቆችም በዚያ ከተማ የሉም። ስለዚህ ጎማው ከመርካቶ ተገዛ፤ በመኪና ተጫነ፤ ሾፌሩም አንድ ሌሊት አደረ፤ አበሉም ታሰበ። ለነዳጅ የወጣው ለጎማው ከወጣው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በእነዚያው ዓመታት ደግሞ ከምወዳቸው የስብሰባ ርእሶች አንዱ «የታሰረ እርዳታ» ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ባላቸው ሕግ የምግብ እርዳታቸው ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጫን ያስገድዳሉ። እህሉን ከራሳቸው ገበሬ ይገዛሉ፣ በራሳቸው መርከብ ያጓጉዛሉ። በዚያው ገንዘብ እህሉ ከቅርብ ገበያ ቢገዛ ወይም ጥሬ ገንዘቡ ለተቸገረው ቢሰጠው ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ይደርስ ነበር፤ ብዙ ሰውም ይጠቅም ነበር። ይህን ስናገር አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነው የሚያዳምጠኝ። የእኔ መርከብ ግን በናፍጣ ነበር የሚሄደው፤ ታርጋውም የአዲስ አበባ ነበር።

ደግሞ ብዙ አነባለሁ፤ ይህም ከጥፋቶቼ ይቆጠርልኝ። ሮበርት ቼምበርስ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የልማት ጎብኚዎችን ገመና ዘክዝኮታል። ከአስፋልት ዳር አይርቁም፣ በበጋ እንጂ ረኃብና በሽታ በሚበረታበት ክረምት አይመጡም፣ የሚያነጋግሩትም ኃላፊውን፣ ደህና ኑሮ ያለውን፣ ወንዱን ነው ይላል። ሌላው ሰው ይህን እንደ ተግሣጽ አንብቦት ይሆናል፤ እኔ እንደ መመሪያ ነው ያነበብኩት። የሚቀጥለውን የማሳያ ጉድጓድ ከአስፋልቱ እይታ ሳንወጣ አስቆፈርን። ጉብኝቱን ከጥምቀት ማግሥት አደረግነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ የደረቀ፣ ሕዝቡም ነጭ በነጭ። የሚናገረው ሞዴል አርሶ አደር አስቀድሞ ይታወቃል፤ በእኛም፣ በጎረቤት ድርጅትም ሪፖርት ላይ ፎቶው አለ። ከገደሉ ማዶ ያሉት ግን ለጎብኚ አይመቹም። መኪና አይደርስማ።

ሰው ማሳቅ ስፈልግ የምተርከው የደቡብ አፍሪካውን ፓምፕ ነበር። ልጆች እየተሽከረከሩ በሚጫወቱበት መንኮራኩር ውሃ የሚስብ ፓምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒው ዮርክ ላይ በአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት ሎራ ቡሽ አማካይነት 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባለት። ዓመታት ሳይቆጠሩ ልጆቹ ሰለቻቸው፤ መንኮራኩሩን በእጃቸው የሚያሽከረክሩት አዋቂ ሴቶች ሆኑ፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፋ፤ ዘመቻውም ቆመ። ይህን ስተርክ ሰው ከወንበሩ እስኪወድቅ ይስቃል። መንደሩን ሳይጠይቁ የተሠራ ሥራ ብዬ እደመድመዋለሁ። እኛ እማማን ጠይቀን ነበር? ጠይቀናል፤ መጠይቅ አስሞልተናል። ከጥያቄዎቹ መካከል «ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው አለመኖሩን ያየሁት ዘግይቼ ነው።

የወጪውን ነገር ደግሞ ዝም ብዬ አላልፈውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪያችሁ ከ30 በመቶ አይለፍ አለን። ተማረርን፤ አንዳንዱ ምሬታችን እውነት ነበር፣ ምክንያቱም መመሪያው ሥልጠናና ጉዞን ሳይቀር በአስተዳደር ይቆጥር ነበር። በ2011 ዓ.ም. የመጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን 20 በመቶ አደረገው። በዚህ ሁሉ መሃል ወጪን ከአስተዳደር ወደ ፕሮግራም የማሻገር ጥበብ ተካንኩ። የቢሯችን ሻይና ስኳር «የማኅበረሰብ ምክክር» ሆኖ ያውቃል።

የተሳካ እርዳታ አላየሁም ማለት ግን አልችልም። አይቻለሁ፤ አላስደሰተኝም እንጂ። ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ከዚያ በፊት የነበረውን ልማድ ነው የቀየረው። ቀድሞ ዝናብ ይጠፋል፣ ጥሪ ይደረጋል፣ እህሉ የሚደርሰው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። ሴፍቲኔት ግን ሚሊዮኖች በየዓመቱ እንደሚቸገሩ አስቀድሞ ከታወቀ ለምን አስቀድሞ አይታቀድም አለ። ብዙ ለጋሾች ገንዘባቸውን ባንድ ፕሮግራም አዋጡ፤ ክፍያው በመንግሥት መዋቅር እስከ ወረዳ ወረደ፤ ሥራ መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ፣ የማይችለው እንዲሁ፣ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ተቀበለ። 8 ሚሊዮን ያህል ሰው የታቀፈበት ጊዜ ነበር። እንከን አላጣውም፤ ክፍያው ይዘገያል፣ ገንዘቡን የዋጋ ንረት ይበላዋል። ቢሆንም ፓሪስ ላይ ከተባለው ብዙውን በተግባር ያየሁት እዚያ ነው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ባነር የለው፣ ሎጎ የለው፣ የማጠቃለያ ዎርክሾፕ የለው፤ የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ።

የጤና ኤክስቴንሽኑም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ የመንግሥት ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ በየቀበሌው ተመደቡ። ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኒሴፍ ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ሞት ከ1990 አንጻር በሁለት ሦስተኛ መቀነሷን፣ ያውም ከቀነ ገደቡ ሁለት ዓመት ቀድማ መሆኑን አስታወቀ። የዚያ ዓመት ሪፖርታችን ላይ «ድርጅታችን ለዚህ ስኬት የበኩሉን አስተዋጽኦ አበርክቷል» ብዬ ጻፍኩ። አስተዋጽኦው ፖስተር ነበር። ፖስተሩም የፊደል ግድፈት ነበረበት።

ስለ ተጠያቂነት ስናገር ድምፄ ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የእርዳታ እህል እየተዘረፈ መሆኑ ሲታወቅ ዩኤስኤድና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በግንቦት ትግራይ ላይ፣ በሰኔ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን አቆሙ። ወራት አለፉ። የሰረቀው በልቶ አድሯል፤ ጾሙን ያደረው ያልሰረቀው ነው። በዚህ ከልቤ ተቆጥቼ ነበር። ቁጣዬ መልክ የያዘው ግን «ከክስተቱ የተገኙ ትምህርቶች» በሚል ምክክር ነው፤ አዳራሹ የሆቴል፣ ምሳው ቡፌ። ስለ ተሰረቀ ስንዴ ስንወያይ ውለን ከጠረጴዛው የተረፈውን ዳቦ አስተናጋጆቹ ሲሰበስቡ እኔ የአበል መፈረሚያው ላይ ነበርኩ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ጥር 2025 መጣ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የውጭ እርዳታው ለ90 ቀናት እንዲታገድ ፈረሙ፤ መጋቢት ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከዩኤስኤድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው ተሰርዘዋል አሉ፤ ሐምሌ 1 ቀን ድርጅቱ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ። ስንፎክርበት የኖርነው ማሻሻያ በመጥረቢያ መጣ። ፈረሱን ለማረም ተብሎ ፈረሱን ማረድ ማሻሻል አይባልም፤ በዚያ ገንዘብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ክሊኒክ የምትመላለስ እናት ነበሩበትና። እንዲህ ብዬ መናገር የጀመርኩት ግን በሳምንቱ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የታየችኝ የቤት አከራዬ ነች። ስረጋጋ ደግሞ ከእርዳታ ስለ መላቀቅ አንድ ስትራቴጂ ነደፍኩ። ለማስፈጸሚያው አሁን ለጋሽ እያፈላለግሁለት ነው።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ምን ይሻላል? መልሱን የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ ማሻሻያ ብለው ሳይሆን እንዲሁ በጥያቄ። ጎማው ተገጥሞ ውሃው መውጣት የጀመረ ዕለት «ኢንጂነር፣ ይሄ ጉድጓድ በጠቅላላው ስንት ፈጀ?» አሉኝ። «በሰነዱ ላይ አለ» አልኩ። «ሰነዱስ የት አለ?» «አዲስ አበባ።» እሳቸው ግን በዋዛ አይለቁም። «የወረዳው እንኳ በጀቱን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ የለም እንዴ? ልጄ አንብቦልኛል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ መስጠቱን ሲያቆሙ በምትኩ ለመሠረታዊ አገልግሎቶች የሚውል ፕሮግራም መጣ፤ የመምህሩን፣ የጤና ሠራተኛውንና የግብርና ባለሙያውን ደመወዝ በወረዳ በኩል ይደጉም ነበር። ከፕሮግራሙ ጋር ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ ተደረገ። በየመድረኩ ግልጽነት የለውም እያልኩ የማማው ወረዳ ለጥፏል። እኔ አልለጠፍኩም።

ብለጥፍ ኖሮ እማማ ምን ያነቡ እንደነበር አውቀዋለሁ። ጉድጓዱ፣ ፓምፑና ጎማው ባንድ በኩል፤ ተሽከርካሪው፣ ሥልጠናው፣ የቢሮ ኪራዩ፣ የእኔ ደመወዝ፣ ከላይ ያለው የአጋር ድርጅት ድርሻ፣ ከዚያም በላይ ያለው ድርሻ በሌላ በኩል። ከዚያ በኋላ የትኛው መስመር ይቀነስ ተብለው ቢጠየቁ ፓሪስ ድረስ መሄድ ባላስፈለገ ነበር።

ስለዚህ በአዲሱ ፕሮፖዛሌ ላይ ድፍረት አሳየሁ። የፕሮጀክቱ ሙሉ በጀት በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ኮሚቴውም ያጸድቀዋል ብዬ አሰፈርኩ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ረቂቁን አይታ «ደመወዝህም አብሮ ይለጠፋል?» አለችኝ። ነገሩ ጥልቅ ውይይት የሚሻ ሆኖ ስላገኘሁት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ስብሰባ በሚቀጥለው ሳምንት ቢሾፍቱ ላይ ይካሄዳል።